ፓይና ወይን ጠጅ፦ ምላሳችንን ምን ያህል እንመነው?

በአንዳንድ አገሮች በሚገኙ የመጠጥ መቅመሻ ቤቶች፣ በቤት ውስጥ የተጋገረ ፓይ እየተቆረሰ ከወይን ጠጅ ወይም ከጠንካራ አልኮል ጋር ይቀርባል። አስተናጋጁም የትኛው ፓይ ከየትኛው መጠጥ ጋር እንደሚስማማ ለእንግዶቹ ያስረዳል። ለመሆኑ ይህ ስምምነት የልማድ ጉዳይ ብቻ ነው ወይስ ሳይንሳዊ መሠረት አለው? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከኬሚስትሪና ከሥነ ሕይወት አንጻር እንመለከታለን።

በቅድሚያ ጣዕም ምን እንደሆነ እንይ። ምላሳችን የሚለያቸው መሠረታዊ ጣዕሞች አምስት ናቸው፤ እነርሱም ጣፋጭ፣ ኮምጣጣ፣ ጨዋማ፣ መራራና የሥጋ መረቅን የመሰለው ኡማሚ ናቸው። የፖምና የቀረፋ መዓዛ ግን የሚታወቀን በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ በሚወጡ ተናኝ ሞለኪውሎች አማካይነት ነው። አፍንጫችንን ይዘን ጥቂት ቀረፋ የተነሰነሰበት ስኳር ብንቀምስ ጣፋጭነቱ ብቻ ይሰማናል፤ አፍንጫችንን ስንለቅ ቀረፋነቱ ይገለጣል።

የሥጋ ፓይ ብዙውን ጊዜ ከቀይ ወይን ጠጅ ጋር ይቀርባል። በቀይ ወይን ጠጅ ውስጥ ከወይኑ ልጣጭና ዘር የሚወጣ ታኒን የተባለ ውህድ አለ። ታኒን ከምራቅ ፕሮቲኖች ጋር ስለሚጣበቅ የምራቅን አለስላሽነት ይቀንሳል፤ አፍም ይደርቃል። ወፍራም ሻይ ስንጠጣ የሚሰማን ይኸው ነው። የሥጋውና የሊጡ ቅባት በአንጻሩ አፍን ያለሰልሳል። በመሆኑም ጉርሻና ጉንጭ ሲፈራረቁ አንዱ የሌላውን መብዛት ያርማል።

የፖም ፓይ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ስኳር ከቀመስን በኋላ ምላሳችን ጣፋጭነትን ስለሚለማመድ፣ ጣፋጭ ያልሆነ ወይን ጠጅ ከወትሮው ይበልጥ ይኮመጥጥብናል። መጠጡ ከፓዩ ያላነሰ ጣፋጭ ይሁን የሚለው የቀማሾች ደንብ መነሻው ይህ ነው።

በርበሬ የበዛበት ፓይስ? የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በውሃ እምብዛም አይሟሟም፤ በአልኮልና በቅባት ግን ይሟሟል። ከዚህ በመነሣት ጠንካራ አልኮል ማቃጠሉን ያጥባል ብለን ልንገምት እንችላለን። ግምቱ ግን ያሳስታል። ካፕሳይሲንን የሚለየው የነርቭ ተቀባይ እ.ኤ.አ. በ1997 በዴቪድ ጁሊየስ ቡድን ተለይቶ ታውቋል፤ ጁሊየስም በ2021 የኖቤል ሽልማትን ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ተጋርተዋል። ይህ ተቀባይ ሙቀትንም ይለያል። በ2002 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ አልኮል የተቀባዩን መነሻ ሙቀት ከ42 ወደ 34 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ያወርደዋል። የሰውነታችን ሙቀት 37 ዲግሪ ስለሆነ፣ አልኮል በራሱ ያቃጥላል ማለት ነው። የወተት ፕሮቲን የሆነው ካዜይን ግን ካፕሳይሲንን ይይዛል። ዶሮ ወጥ ከአይብ ጋር መቅረቡ ለዚህ የሚስማማ ጥበብ ነው።

ይሁንና ምላስን ብቻ አምነን መደምደም አይገባንም። በቦርዶ ተካሂዶ በ2001 በወጣ አንድ ጥናት ላይ 54 ቀማሾች፣ ሽታ በሌለው ቀለም የቀላ ነጭ ወይን ጠጅ ሲቀርብላቸው፣ መዓዛውን የገለጹት ለቀይ ወይን ጠጅ በሚነገሩ ቃላት ነበር። ዓይን አፍንጫን አሳስቶታል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ለመፈተን አልኮል አያስፈልግም። ወፍራም ሻይ፣ ወተትና ብርቱካን ይበቃሉ። ብርቱካኑን ከስኳር በፊትና በኋላ፣ ሻዩንም ያለ ወተትና ከወተት ጋር እንቅመስ። ብርጭቆዎቹን ቁጥር ሰጥተን፣ የቀማሹን ዓይን ሸፍነን፣ ቅደም ተከተሉን በዕጣ እንወስን። ያን ጊዜ የምንመዘግበው የጠበቅነውን ሳይሆን በእርግጥ የቀመስነውን ይሆናል።