«ጉልበቴ ነግሮኛል»፦ አርትራይተስና የሮም አየር

«ነገ ይዘንባል፤ ጉልበቴ ነግሮኛል።» አክስቴ ይህን ካለች እቤታችን የአየር ትንበያ የሚያይ የለም። ሮም ውስጥ አረጋውያንን በመንከባከብ፣ ጣልያኖች «ባዳንቴ» በሚሉት ሥራ፣ ሃያ ዓመት አሳልፋለች። ከእናንተም የብዙዎቻችሁ እናትና አክስት በዚሁ ሥራ ላይ ስላሉ፣ በነርሲንግ ትምህርቴ ያገኘሁትን ከእሷ ጉልበት ጋር እያያያዝኩ ላካፍላችሁ።

የአክስቴ ሕመም ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል። በመገጣጠሚያው ውስጥ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ክፍል እየሳሳ ይሄዳል። አገር ቤት ሁሉንም በጅምላ «ቁርጥማት» ወይም «ሪህ» ብለን እናልፈዋለን፤ ሕክምናው ግን አንድ አይደለም። ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ መገጣጠሚያው አልታዘዝ የሚል፣ የሚያብጥና የሚግል ከሆነ ሌላ ዓይነት አርትራይተስ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ቶሎ ይየው።

አየሩስ እውነት ያማል? እ.ኤ.አ. በ1996 ሬደልማየርና ትቨርስኪ 18 ሕሙማንን ለ15 ወራት ተከታትለው ግንኙነት አላገኙም፤ ሰው ዝናብና ሕመም የተገጣጠሙበትን ቀን ያስታውሳል፣ ያልተገጣጠሙበትን ይረሳል አሉ። በ2019 ደግሞ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 2,658 ሰዎች በየቀኑ በስልካቸው የመዘገቡትን አጠኑ። እርጥበት ሲጨምር፣ ነፋስ ሲበረታና የአየር ግፊት ሲወርድ ሕመሙ ከፍ ይላል። ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው፦ በተራ ቀን ከ100 ሰዎች 5ቱን የሚያማቸው ከሆነ፣ በእርጥብና ነፋሻ ቀን 6 ይሆናሉ። ቅዝቃዜ ብቻውን ያን ያህል ለውጥ አላሳየም። «ብርድ መታኝ» ለምንል ሰዎች ይህ ይከብዳል፤ አክስቴን ግን ከሁሉ የሚያማት ሞቃቱና እርጥቡ የሺሮኮ ነፋስ ሲመጣ ነው።

ስለ ግፊቱ አንድ ነገር ልጨምር። ሮም ላይ በጠራና በማዕበል ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከ20 እስከ 30 ሄክቶፓስካል ገደማ ነው። አዲስ አበባ ግን ከፍታዋ 2,300 ሜትር ያህል ስለሆነ የአየር ግፊቷ ከሮም በሩብ ገደማ ያንሳል። ዝቅተኛ ግፊት ብቻ የሚያሳምም ቢሆን አክስቴ ቦሌ ስትደርስ መራመድ ባቃታት ነበር። እሷ ግን እዚያ ስትሄድ ይሻላታል። ሲኞራዋን የምታነሳው ሮም ነዋ!

ስለዚህ ደብተር ገዛሁላት። ጠዋት መስኮት ሳትከፍት ሕመሟን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ትሰጠዋለች፤ ከጎኑ ትናንት ምን እንደሠራች ትጽፋለች። አየሩን እኔ ለብቻዬ መዘገብኩ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሁለቱን ስናስተያይ ዝናቡ የራሱ ድርሻ ነበረው። የከፉት ቀናት ግን ሲኞራዋን ብቻዋን ከአልጋ ወደ ወንበር ባነሳች ማግስት የመጡት ናቸው። ዘነበ ብላ ቀኑን ሙሉ ከተኛችም በማግስቱ ይብስባታል።

ያስደነገጠኝ ሌላ ነበር። በዝናብ ቀን ዳር ላይ «ሁለት ዱቄት»፣ «ሦስት ዱቄት» የሚል አየሁ፤ በውሃ የሚበጠበጠው ኬቶፕሮፌን ነው። እሷ የደም ግፊት ኪኒን ትወስዳለች። ሁለቱ ሲደረቡ ግፊቱን ሊያሳድጉ፣ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ፤ ጨጓራም ያደማል። «ልጄ፣ ይሄ መድኃኒት ነው እንዴ? ሁሉም ሰው የሚጠጣው አይደል?» አለችኝ። የቤተሰብ ሐኪሟ፣ ሜዲኮ ዲ ባዜ የሚባለው፣ ዱቄቱን አስቁሞ የሚቀባ ዲክሎፌናክ አዘዘላት፤ የሚቀባው ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ዘመድ ካላችሁ፣ ለስድስት ወር የሚሰጠውንና የሚታደሰውን የኤስ ቲ ፒ ኮድ አውጥቶ አስፈላጊ ሕክምና ማግኘት ይችላል።

ሌላው ቀላል ነው። ጉልበቷን ሞቅ ባለ ፎጣ ትሸፍናለች፤ ከወንበር ሳትደገፍ አሥር ጊዜ ብድግ ቁጭ ትላለች። በሕጉ መሠረት ሮም ውስጥ የሕንፃ ማሞቂያ የሚበራው ከኖቬምበር 1 ጀምሮ ስለሆነ፣ በኦክቶበር መጨረሻ ወፍራም ካልሲና የሙቅ ውሃ ከረጢት ያስፈልጋል።

ትናንት ሺሮኮ ነበር፤ 6 ብላ ጻፈች። ዣንጥላ ይዘን ቪላ ጎርዲያኒን አንድ ዙር ዞርን። የቀረን የሲኞራዋ ማንሻ፣ ሶሌቫቶሬው ነው። የአካል ጉዳት ዕውቅና ላለው ሰው በሐኪም ትእዛዝ በነጻ ይሰጣል፤ ለሲኞራዋ ልጆች መንገር ግን አክስቴ እስካሁን ይሉኝታ ይዟታል። እሑድ አብሬያት እሄዳለሁ።