የጥላ ሥዕልና የቤተሰብ ታሪክ



በዚህ እትም የምናየው ትምህርት ስለ ጥላ ሥዕል ነው። የጥላ ሥዕል ማለት የአንድ ሰው ፊት በጎን ሲታይ ያለውን ቅርጽ፣ ይኸውም ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ከንፈሩንና አገጩን ተከትሎ ከወረቀት ተቆርጦ የሚወጣ ምስል ነው። ዓይን የለው፣ ቀለም የለው። ሆኖም ሰውየውን የሚያውቁ ሲያዩት «ይኼማ እገሌ ነው!» ይላሉ። ታዲያ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? እስቲ በቅደም ተከተል እንየው።

1. አመጣጡና አሠራሩ

ፈረንጆች «ሲልዌት» ይሉታል። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1759 የፈረንሳይ የገንዘብ ሚኒስትር ከነበረው ከኤትየን ደ ሲልዌት ነው። ሰውየው ቁጠባ ያበዛ ስለነበር ርካሽ ነገር ሁሉ በስሙ ይጠራ ጀመር። የጥላ ሥዕልም በቀለም ከሚሣለው ሥዕል ይልቅ ርካሽ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተሣዩ በመብራትና በግድግዳ መካከል ጎኑን ሰጥቶ ይቀመጣል። ጥላው በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያርፋል፤ ዳር ዳሩ በእርሳስ ይሠመራል፤ ከዚያም በመቀስ ይቆረጣል። የፎቶግራፍ ጥበብ እ.ኤ.አ. በ1839 ይፋ ከመሆኑ በፊት በአሜሪካ ብዙ ቤተሰብ መልኩን ለልጅ ልጅ ያስቀረው በዚህ መንገድ ነበር።

2. ሦስት ምሳሌዎች

ሀ. ኦጉስት ኤዱዋር ከ1839 እስከ 1849 በአሜሪካ እየተዘዋወረ የሠራ ፈረንሳዊ ነበር። ጥቁሩን ወረቀት አጥፎ ስለሚቆርጥ ሁለት ቅጂ ይወጣለታል። አንዱን ለባለቤቱ ሰጥቶ ሌላውን ከተሣዩ ስም፣ ከቦታውና ከቀኑ ጋር በመዝገብ ያኖረው ነበር። ወደ አውሮፓ ሲመለስ መርከቡ በመሰበሩ ብዙው መዝገብ ጠፋ። ከአደጋው በተረፈው ግን ዛሬም ሰዎች አያቶቻቸውን ይፈልጉበታል።

ለ. ሞሰስ ዊልያምስ በባርነት ተወልዶ በኋላ ነፃ የወጣ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በፊላዴልፊያ በነበረው የፒል ሙዚየም ለአንድ ሥራ 8 ሳንቲም እያስከፈለ በአንድ ዓመት ብቻ ከ8 ሺህ በላይ የጥላ ሥዕል ሠርቷል። በወረቀቶቹ ላይ የታተመው ግን የሙዚየሙ ስም ነው። የእጁ ሥራ በየቤቱ ተሰቅሎ የእሱ ስም ለረጅም ዘመን ተረሳ።

ሐ. ሦስተኛዋ ፍሎራ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1796 በኮኔቲከት ግዛት በባርነት ስትሸጥ ዕድሜዋ 19፣ ዋጋዋ 25 ፓውንድ መሆኑ በውሉ ተጽፏል። ከውሉ ጋር የጥላ ሥዕሏ አብሮ ቆይቷል። ሻጭና ገዥ በሙሉ ስማቸው ተመዝግበዋል፤ እሷ ግን ፍሎራ ብቻ ናት። መልኳ ቀርቶልናል፤ የማን ልጅ እንደሆነች ግን ከወረቀቱ ማወቅ አይቻልም።

3. በአገራችንስ?

በእኛ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ሲሣሉ፣ በጎን የሚሣሉት በአብዛኛው ሰይጣንና ክፉ ሰዎች ናቸው። ሥዕሉን ወይም ሕንፃውን ያሠራ ሰውም መልኩ ይቀራል። በጣና ደቅ ደሴት በሚገኘው ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው ተሥለዋል። ፎቶግራፍ ሲመጣ ደግሞ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም በሙያው ቀጥለውበታል።

የአብዛኛው ሰው ታሪክ ግን የተያዘው በቃል ነው። እኛ ባለንበት በአዊ ሰባት ቤት አገው፣ ማለትም ባንጃ፣ አንከሻ፣ አዘና፣ ኳኩራ፣ ዚገም፣ ቻራና መተከል፣ በቃል በሚወርደው ታሪክ የሰባት ወንድማማቾች ቤት ናቸው። ለጋብቻም ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እንግዲህ ልዩነቱን ልብ በሉ፦ ፍሎራ መልክ አላት፣ ዘር አልተጻፈላትም፤ የእኛ ቅድመ አያቶች ዘራቸው ይቆጠራል፣ መልካቸው የለም። አሁን ግን ፎቶው በየቤቱ ሞልቶ ስሙን የሚያውቁት አሮጊትና ሽማግሌ እያለቁብን ነው። ነገ ልጆቻችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን አያታቸውን «ይኼ ሰውዬ ማነው?» ቢሉ ማን ይመልስላቸዋል?

4. ለመምህሩ

ይህ ትምህርት መቀስ፣ ወረቀትና ኩራዝ ካለ ይበቃዋል። የጠዋት ፀሐይም ይሆናል። ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው የጓደኛቸውን ጥላ ያንሡ። ሰውየው ወደ ግድግዳው ሲጠጋ ጥላው ለምን እንደሚጠራና እንደሚያንስ ጠይቋቸው፤ ብርሃን በቀጥታ መጓዙን በዚያው ይማራሉ።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ያለ አንድ የቆየ ፎቶ መርጦ ታላላቆቹን እነዚህን ይጠይቅ፦ ስሙ ከነአባቱ ማን ነው? መቼና የት ተነሣ? አብረውት ያሉት እነማን ናቸው? ይህንን የነገረን ማን ነው? ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር ከተናገሩ ሁለቱም ይጻፍ። የወረቀት ፎቶ ከሆነ በጀርባው በእርሳስ ቀስ ተብሎ ይጻፋል። በሞባይል የተነሣው ጀርባ ስለሌለው ለእሱ ደብተር ይዘጋጅለታል።

ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ በመጀመሪያ ከራሳችን ቤት ግድግዳ እንጀምር። አያቶቻችን አጠገባችን ሳሉ እንጠይቅ።