በሕይወት ያለችን አሮጊት ስለ መውረስ

አንባቢ ሆይ! ባልዋ የሞተባት፣ ልጅም የሌላት፣ ከውርስ ድርሻዋ ቤትና ሱቅ ያገኘች አንዲት አሮጊት አስብ። የሟች እኅትዋ ልጆች ለጥየቃ ብለው ይመጣሉ፤ ይሰነብታሉ፤ ሰንብተውም ይቀራሉ። መጀመሪያ የሚፈልጉት ምሳ ነው፤ ኋላ ግን የሱቁ ቁልፍ ይሆናል። እምቢ ያለች እንደ ሆነ «አክስታችን፣ ዝምድና መቁረጥ በአላህ ዘንድ ያስጠይቅዎታል» ይሏታል። እርስዋም አላህን ፈሪ ናትና ደንግጣ ትሰጣለች።

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ለእንግዳ መስተንግዶ የወሰኑት ሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ ያለፈው ምጽዋት ነው፤ እንግዳውም ባለቤቱን እስኪያስቸግር ድረስ መቀመጥ አይፈቀድለትም። «እኔ ዘመድ ነኝ እንጂ እንግዳ አይደለሁም» የሚል ቢኖር፣ በሻፊዒይ መዝሀብ ቀለብ ግዴታ የሚሆነው ወደ ላይ ለወላጆች፣ ወደ ታች ለልጆች ነው፤ የእኅት ልጅ ከዚህ ውስጥ የለም። ብታበላው ቸርነትዋ ነው እንጂ ዕዳዋ አይደለም።

«ነገ የእኛው ነው» የሚሉም አሉ። ውርስ የሚከፈተው ግን በሞት ነው። ደግሞም ከእርሱ የቀረበ ወራሽ ከሌለ፣ በአባት የሚገናኛት የወንድምዋ ልጅ በሩቅ አገር እንኳ ቢኖር ወራሽዋ እርሱ ነው፤ ከእርሱ ጋር የእኅት ልጅ አይወርስም። (ይህን ስንነግራቸው የብዙዎቹ ፊት ይለወጣል።) ለእነርሱ የቀረላቸው በር ኑዛዜ ነው፤ ኑዛዜም ያለ ወራሾች ፈቃድ ከሲሶ አያልፍም። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ መካ ላይ ታመው ሳሉ ከሀብታቸው ሁለቱን እጅ ለመናዘዝ ቢጠይቁ ተከለከሉ፤ ግማሹንም ተከለከሉ፤ ሲሶው ተፈቀደላቸው፤ እርሱም ብዙ ነው ተባሉ። በሞት አልጋ ላይ የተሰጠ ስጦታም ከዚሁ ሲሶ ይታሰባል። እንግዲህ የታመመችን ሴት ጣት በቀለም ነክሮ ወረቀት ላይ ማተም ምን ይጠቅማል?

በጃሂሊያ ዘመን የሟች ዘመዶች ሚስቱን እንደ ዕቃ ይወርሱ ነበር። በሱረቱ አን-ኒሳእ 19ኛው አያ ሴቶችን በግድ መውረስ የተከለከለው ስለዚህ ነው።

እናንተ ነጋዴዎች ሆይ! የእኅት ልጅ የአክስቱን አምባር ወይም የሱቅዋን ዕቃ ሊሸጥላችሁ ቢመጣ፣ ዋጋው ቢረክስም አትቸኩሉ። ወደ ቤትዋ ሂዱ፤ ልጆቹ በሌሉበት ራስዋን ጠይቁ፤ ብትፈቅድም ሁለት ምስክሮች ይስሙ።