ኪሎው ወርዶ ሆዱ ሲቀር

«ሲስተር፣ ኪሎዬ ከእርግዝና በፊት ወደነበረበት ተመልሷል፤ ሆዴ ግን አልገባም አለኝ» የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው። አንዳንድ ባሎችም «ደግሞ አረገዝሽ እንዴ?» እያሉ ይቀልዳሉ። ቀልዱ ባያስቅም ጥያቄው ግን ተገቢ ነው። ጡት ማጥባት እርግዝናን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚከላከለው ሕፃኑ 6 ወር ካልሞላው፣ ቀንና ሌሊት ጡት ብቻ የሚጠባ ከሆነና የወር አበባ ካልተመለሰ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለና ሌላ መከላከያ ካልተጀመረ፣ አስቀድሞ የሽንት ምርመራ ማድረግ ይገባል።

እርግዝና ካልሆነስ? በእርግዝና ወቅት ከእምብርት ግራና ቀኝ የሚወርዱት ሁለት የሆድ ጡንቻዎች ይራራቃሉ፤ ከወሊድ በኋላ ተመልሰው ሳይቀራረቡ የሚቀሩባቸው እናቶች አሉ። ይህን ለማወቅ በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን አጥፈው ራስዎን ትንሽ ቀና ያድርጉ። እምብርትዎ አጠገብ ከሁለት ጣት በላይ የሚያስገባ ክፍተት ካገኙ ችግሩ ስብ ብቻ አይደለም። ምግብ መቀነስ ይህን አይዘጋውም፤ የምታጠባ እናትማ ራስዋን ማስራብ የለባትም። መቀነትም ወገብን ይደግፋል እንጂ ጡንቻ አያጠነክርም።

እንደተኙ ትንፋሽዎን ቀስ ብለው እያወጡ እምብርትዎን ወደ ውስጥ ይሳቡ፤ 10 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ከአልጋ ሲነሱም በጎን ዞረው ይነሱ። በቀዶ ጥገና የወለዱ ሐኪም ሳያማክሩ አይጀምሩ። ለውጡ ወራት ይፈልጋል፤ እስከዚያው ጀሪካኑንና የጋዝ ሲሊንደሩን ባልየው ቢያነሳ ምን አለበት? እምብርት ላይ እብጠት ወጥቶ የሚያም ከሆነ ግን እንቅስቃሴውን አቁመው ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ እብጠቱ ጠጥሮ ማስመለስ ከተጨመረበት ወዲያውኑ።