ከአንድ ሸሚዝ ጀምሪ

ሚጣዬ፣ እስቲ ያንን ርዕስ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢልኝ። «የፍጆታ ባህልና ካፒታሊዝም የሚያስከትሏቸው ማኅበራዊና አካባቢያዊ ችግሮች»። እሺ። ንዴትሽ ገብቶኛል፣ ደስም ብሎኛል፤ በዚህ ዕድሜሽ በዚህ ነገር ካልተናደድሽ መቼ ልትናደጂ ነው? ግን ይሄ ርዕስ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው፤ አንቺ ያለሽ አንድ የትምህርት ዓመት ብቻ። አማካሪሽ ጋ ይዘሽው ብትገቢ «አጥብቢው» ብሎ ይመልስሻል፤ እንዴት እንደሚጠብ ግን ላይነግርሽ ይችላል። ጠጋ በይልኝ፣ እኔ ልንገርሽ።

አንድ ዕቃ ምረጪ። ስልክ ሊሆን ይችላል፣ የታሸገ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ብሆን ልብስ እመርጣለሁ። ልብስ ከእርሻ ይነሳል፣ ፋብሪካ ይገባል፣ ባሕር ይሻገራል፣ ሱቅ ይሰቀላል፣ ገላ ላይ ይውላል፣ መጨረሻው ቆሻሻ ክምር ነው። በየደረጃው ደግሞ ሄደሽ የምታናግሪው ሰው አለ። ይኸው የለበስሽው ሸሚዝ፣ አንገትጌውን ገልብጪና ምልክቱን አንብቢ። የት እንደተሰፋ ይላል፤ ጥጥ 60፣ ፖሊስተር 40 ይላል። ፖሊስተር ከነዳጅ የሚወጣ ፕላስቲክ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ለጨርቅ ከሚመረተው ክር ከግማሽ በላዩ እሱ ነው፤ በታጠበ ቁጥር ዓይን የማያየው የፕላስቲክ ብናኝ ከእጣቢው ጋር ይወርዳል፣ ወንዝም ባሕርም ይገባል። ከጥጥ ጋር አንዴ ከተቀላቀለ ደግሞ ለያይቶ እንደገና ክር ማድረግ ከባድ ነው። ይህን ሁሉ ከአንገትጌሽ ሳትርቂ አገኘሽው።

ያቺን ቁራጭ ጨርቅ እንዳትንቂያት። ባንግላዴሽ ውስጥ፣ ዳካ አጠገብ ሳቫር በሚባል ቦታ፣ ራና ፕላዛ የሚሉት ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ነበር። ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. ተደረመሰና 1,134 ሰዎች ሞቱ። ከአንድ ቀን በፊት ግድግዳው ተሰንጥቆ ታይቷል። ታች የነበሩት ባንክና ሱቆች በማግስቱ ዘግተው ዋሉ፤ ላይ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ግን ግቡ ተባሉ፣ ገቡ። ከአደጋው በኋላ እዚያ አናሰፋም ያለ ኩባንያ ነበር። መልሱ የተገኘው ከፍርስራሹ ውስጥ ሰዎች በእጃቸው ለቅመው ባወጡት የልብስ ምልክትና የትእዛዝ ወረቀት ነው። በሳምንታት ውስጥ ትልልቆቹ ገዢዎች የሕንፃና የእሳት ደኅንነት ስምምነት እስከ መፈረም የደረሱት ሐዘኔታ ስለያዛቸው ብቻ አይመስለኝም፤ ወረቀቱ ስለተያዘባቸውም ነው። አንቺም ስትጽፊ እንዲህ ያለ ወረቀት ፈልጊ። ዛሬ ብዙ ኩባንያዎች የሚያሰፉባቸውን ፋብሪካዎች ስም ራሳቸው ያወጣሉ፤ ኦፕን ሰፕላይ ሀብ የሚባለው ክፍት መዝገብ ውስጥም የፋብሪካውን ስም ብታስገቢ ለማን እንደሚሰፋ ልታገኚ ትችያለሽ።

አሁን ወደ ሐዋሳ እንምጣ፤ የአንቺ ሥራ ያለው እዚያ ይመስለኛል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ተመረቀ። ዋናው መጪ ካልቪን ክላይንንና ቶሚ ሂልፊገርን የያዘው የአሜሪካው ፒቪኤች ነበር፤ ከእስያ የመጡ ልብስ ሰፊ ኩባንያዎችም ተከተሉት። በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት አንድ ሪፖርት አወጣ፤ የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነው አለ። በዚያው ሪፖርት የባንግላዴሽ 95፣ የኬንያ 207 ዶላር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ፋብሪካዎቹ የቀጠሩትን ሠራተኛ በሙሉ የመተካት ያህል ሰው ይለቅባቸው እንደነበርም ጽፏል።

አየሽ፣ እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚቸኩለው። 26 ዶላር ይላል፣ «ብዝበዛ» ብሎ ይዘጋዋል፣ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይሄዳል። አንቺ እዚህ ቁሚ። ለምን 26 ሆነ? በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው በአገራችን በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ አልነበረም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል፤ ከአዋጁ ወዲህ ምን እንደተደረገ መከታተል የአንቺ ሥራ ነው። መንግሥት ራሱ የሠራተኛችንን ርካሽነት እንደ መልካም ነገር ለባለሀብት ሲያስተዋውቅ ነበር። ገዢው ኩባንያ ዋጋውን ወደ ታች ይጫናል፤ ፋብሪካው ከገጠር ትናንት የመጣች ልጅ የዳካዋን ያህል አትሰፋልኝም ይላል። አራት እጅ አለበት ማለት ነው። ካፒታሊዝም ወረቀት ላይ አይፈርምም፣ የሚፈርሙት ሰዎች ናቸው፤ ማዕረግና ማኅተም ያላቸው ሰዎች። ጽሑፍሽ እስከ ማኅተሙ ድረስ ካልሄደ፣ ያ ትልቅ ቃል ጥፋተኞቹን መሸሸጊያ ይሆንላቸዋል።

ልብስ ሰፊዎቹን ልጆች ስታናግሪ ደግሞ ልብ በይ። በፋብሪካው የሰው ኃይል ክፍል በኩል አትግቢ፤ ኃላፊው የመረጠልሽን ልጅ ኃላፊው የሚወደውን መልስ ስትሰጥ ትሰሚያታለሽ። እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቤቷ ሂጂ። ሦስትና አራት ሆነው የሚከራዩአት ክፍል ትሆናለች፤ ቡና ከተፈላ ተቀመጪ፣ አትቸኩዪ፣ ስልክሽንም ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው። «ትበደያለሽ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ አፏ ላይ መልሱን ማስቀመጥ ነው። «ትናንት ስንት ሰዓት ተነሳሽ? ምን በላሽ? መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ማንን ታስፈቅጃለሽ? ባለፈው ወር ለቤተሰብ ስንት ላክሽ?» በያት። ከወደደች የደመወዝ ወረቀቷን ታሳይሽ። መስመር በመስመር አንብቢው፤ መነሻው ስንት ነው፣ ሳትቀሪ በመዋልሽ ተብሎ የሚጨመረው ስንት ነው፣ ትርፍ ሰዓቱ በስንት ታስቧል፣ በመዘግየት ምን ተቆርጧል። አንድ ቀን ታማ ብትቀር ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ እንደሚጠፋ እዚያው አስልተሽ አሳያት፤ ልክ መሆንሽንም ከእሷ ጠይቂ። ከጎኑ የቤት ኪራዩን፣ የእህሉን፣ የታክሲውን ጻፊ። ያ አንድ ገጽ ከሃያ ገጽ ንድፈ ሐሳብ በላይ ይናገራል።

ስሟን አትጻፊ። የመጣችበትን ቀበሌና የምትሠራበትን መስመር አንድ ላይ አትጻፊ፤ ስሟን ባትጽፊም አለቃዋ ማን እንደሆነች ይለያታል። እንጀራዋ ነው፣ በአንቺ የመመረቂያ ጽሑፍ ምክንያት ሊቋረጥባት አይገባም። የማታደርጊውንም ቃል አትግቢላት።

ከዚያ ለራስሽ የማይመችሽን ነገር ደፍረሽ ጻፊ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፒቪኤች ሐዋሳ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አሜሪካ ከሰሜኑ ጦርነት ጋር በተያያዘ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ ዕድሉ፣ ከአጎዋ፣ አስወጣች፤ ትእዛዝ ቀነሰ፣ ብዙ ልጆች ከሥራ ወጡ። ያቺ በ26 ዶላር ስትማረር የነበረች ልጅ ፋብሪካው ሲዘጋ ምን ተሰማት? ተመልሳ ገጠር ገባች? ወደ ዓረብ አገር ሄደች? ጠይቂያት። ሥራው ክፉ ነበር፤ መጥፋቱም ክፉ ሆነ። ሁለቱንም እውነት አንድ ገጽ ላይ ማስቀመጥ የማይችል ጥናት ስለ እሷ አይደለም የሚናገረው፣ ስለ ጸሐፊው አቋም ነው።

ወደ ቁጥሮቹ እንሂድ፤ የረቂቅሽ ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ ያየሁት አሳስቦኛል። «ፋሽን ከነዳጅ ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛው በካይ ኢንዱስትሪ ነው» ብለሽ ጽፈሻል። ሰርዢው። ይህ አባባል ስንት ዓመት በየመድረኩ ሲነገር ኖሮ፣ ጋዜጠኞች ምንጩን ወደ ኋላ ቢከታተሉት የሚያቆመው ጥናት አልተገኘለትም፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የሆነባቸው። ኢንዱስትሪው በካይ መሆኑ አያጠራጥርም፣ ግን አንድ የተሳሳተ ቁጥር የያዘብሽ ሰው ቀሪውን እውነትሽንም ይጥልብሻል።

«አንድ የጥጥ ቲሸርት 2,700 ሊትር ውሃ ይጠጣል» የሚለው ደግሞ ምንጭ አለው፤ ግን ምን እንደያዘ እወቂ። የዓለም አማካይ ነው። ውስጡ እርሻው ላይ የዘነበው ዝናብ አለ፣ ከወንዝና ከጉድጓድ በመስኖ የተወሰደው አለ፣ የተበከለውን ለማቅጠን ያስፈልጋል ተብሎ የተሰላውም አለ። በዝናብ የበቀለ የመተማ ጥጥና በአዋሽ መስኖ የበቀለ ጥጥ አንድ ዓይነት ዕዳ የለባቸውም። ቁጥሩን ከጠቀስሽ ይህንን አብረሽ ጻፊ።

አዋሽን ካነሳሁ አይቀር፣ እዚህ ላይ የምታስቢበት ነገር ልስጥሽ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። በ1950ዎቹ ሚቸል ኮትስ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ተንዳሆ ላይ ሰፊ የጥጥ እርሻ ከፈተ። የወንዙ ዳርቻ የአፋር አርብቶ አደሮች በበጋ፣ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ፣ ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት ግጦሽ ነበር። ከብቱ መሸሻውን አጣ፤ ድርቅ ሲመጣ የሆነውን መገመት አያቅትሽም። እዚህ ድረስ የአንቺ ርዕስ በትክክል ይሠራል፣ ባለሀብት መጣ፣ መሬት ወሰደ። ቀጥዪ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ። እርሻው ግን የመንግሥት እርሻ ሆነ እንጂ ለአፋሩ ከብት አልተመለሰም። ባለቤቱ ተለወጠ፣ ጥጡ ቀጠለ።

አራል ባሕርንም እይ፤ በዓለም ከነበሩት ትልልቅ ሐይቆች አንዱ ነበር። የሚገብሩለትን ሁለቱን ወንዞች፣ አሙ ዳርያንና ሲር ዳርያን፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለጥጥ መስኖ እያዞረ ያደረቀው የሶቪየት መንግሥት ነው እንጂ የአክሲዮን ገበያ አይደለም። ይህ ካፒታሊዝምን ነፃ አያወጣውም። የሚነግርሽ ነገር ግን አለ፤ ከሩቅ የሚወስን፣ የኮታውን ወይም የትርፉን መጠን ብቻ የሚቆጥር፣ ወንዙ ዳር የሚኖረውን ሰው የማይጠይቅ ኃይል በሁለቱም ሥርዓት ይኖራል። ስለዚህ «ምን ያህሉ የትርፍ ውድድር ያመጣው ነው? ምን ያህሉ ሰውን ካለመጠየቅ የመጣ ነው?» ብለሽ ለያዪ። አማካሪሽ የሚፈትንሽ እዚህ ጥያቄ ላይ ነው፤ ከአሁኑ ተዘጋጂበት።

ስለ ቆሼ፣ ስለ አዲስ አበባው የቆሻሻ መጣያ፣ የጻፍሽው አንጀቴን በልቶታል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ፤ ብዙዎቹ እዚያው ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ግን «የፍጆታ ባህል ውጤት» ብለሽ በአንድ መስመር አትለፊው። ከአዲስ አበባ ቤቶች የሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ የምግብ ተረፈ ምርትና የመሳሰለው ነው። ሰዎቹ እዚያ ለምን ቤት ሠሩ? ማን ያውቅ ነበር? ማንስ አስጠንቅቆ ነበር? ጥያቄው የከተማ አስተዳደርና የድህነት ነው፤ ከፍጆታ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ካገኘሽ በማስረጃ አሳዪ፣ ካላገኘሽ ምዕራፉን ተዪው። የሞቱትን ሰዎች ለማይገባቸው ክርክር ማስረጃ አናድርጋቸው።

አንድ ነገር ደግሞ እለምንሻለሁ። «እኛ ሸማቾች ከልክ በላይ እንገዛለን» ብለሽ ጀምረሻል። «እኛ» ማነው? ያ ዓረፍተ ነገር የተጻፈው ቁም ሣጥኑ ሞልቶ ለሚፈስ አገር ነው። እማዬ አንድ ነጠላ ስንት ዓመት እንደምትለብስ፣ ሲያረጅ ለመቀነት፣ ከዚያም ለወለል መጥረጊያ እንደምታደርገው አንቺው ታውቂያለሽ። የኛ ቤት ልብስ ከመጣሉ በፊት ልዋጭ ለሚለው ልጅ ይሰጣል፣ በፕላስቲክ ሳህን ይለወጣል። ያገለገለ ልብስ ማስገባት በሕግ ተከልክሎ ሳለ መርካቶ ላይ የሚሸጠው ሳልባጅ የሌላ አገር ሰው ለብሶ የጣለው ነው። ስለዚህ ማን ከልክ በላይ እንደሚገዛና ትርፍራፊው የት እንደሚያርፍ ለያይተሽ ጻፊ። እዚህ አገር ከልክ ያለፈ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። ለአንድ ቀን ሠርግ ተሰፍቶ ዳግም የማይለበሰውን ልብስ ቁጠሪ፤ ሽሮ ሜዳ ወርደሽም ከቻይና በማሽን ታትሞ የሚመጣው የሐበሻ ቀሚስ ለሸማኔው ምን እንዳደረገ ጠይቂ። ከዚያ ደግሞ ያንን ርካሽ ቀሚስ ገዝታ ለእንቁጣጣሽ ልጇን ያለበሰችውን እናት አግኚና አዳምጪያት። እሷን የሚያሳፍር ነገር ጽፈሽ ካገኘሁ እቆጣሻለሁ።

ርዕስሽን አሁን ቀይሪው። «በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ሰፊዎች ደመወዝ፤ ማን ወሰነው?» በይው፣ ወይም ያንን የሚመስል። የአካባቢውን ጉዳይ ከፈለግሽ ከፓርኩ ፍሳሽ ማጣሪያ ጋር አያይዢው፤ ሁለቱን ማጣመር ከከበደሽ አንዱን ያዢ። የቃለ መጠይቅ ጥያቄዎችሽን ከመሄድሽ በፊት አሳዪኝ። የአውቶቡስሽን እኔ እከፍላለሁ። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ሁለት ገጽ አሳጥረሽ በአማርኛ ጻፊው፣ በሲዳምኛም የሚተረጉምልሽ ሰው ፈልጊ፤ ላናገሩሽ ልጆች አንድ አንድ ቅጂ ወስደሽ በእጃቸው ስጪያቸው፤ የተሳሳትሽውን ያርሙሽ፣ እርማታቸውንም ጨምረሽ ነው ለአማካሪሽ የምታስረክቢው።