ወህኒ ቤትና የጠባይ መታረም

እስረኛ ቅጣቱን ሲፈጽም ተመልሶ ጎረቤታችን ይሆናል። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ስንት ዓመት ታሠረ ብለን ብቻ ሳይሆን፣ ምን ዓይነት ጠባይ ይዞ ወጣ ብለን ጭምር ነው።

ይህን አስቀድመው ከተረዱት ሰዎች አንዱ እስኮትላንዳዊው ካፒቴን አሌክሳንደር ማኮኖኪ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1840 ዓ.ም. ከአውስትራልያ በስተምሥራቅ በምትገኘው በኖርፎክ ደሴት የእስረኞች አዛዥ ሆነ። በዚያ ግርፋትና ሰንሰለት የዘወትር ነገር ነበር። እርሱ ግን ቅጣትን በጊዜ ሳይሆን በነጥብ መለካት ጀመረ። እስረኛው ተግቶ ቢሠራና መልካም ጠባይ ቢያሳይ ነጥብ ያገኛል፤ ቢያጠፋ ይቀነስበታል። መጻሕፍትና የሙዚቃ መሣሪያም አስመጣላቸው። ሰው መፈቻው በገዛ ሥራው እንደሚቀርብ ሲያውቅ ለመታረም ምክንያት ያገኛልና።

አለቆቹ ግን እስረኛ አባበለ ብለው በ1844 ሻሩት። ሆኖም ዎልተር ክሮፍተን በአየርላንድ ሐሳቡን አሻሽሎ ሠራበት፤ ከዚያም ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፋ። በአገራችን ሕግም ከእስራቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመና ጠባዩን ያረመ ሰው በአመክሮ ሊፈታ ይችላል።

ነገር ግን የታረመው ሰው ወጥቶ ሥራ የሚሰጠው ቢያጣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እንግዲህ የማረሙ ሥራ እኩሌታ የወደቀው በውጭ ባለነው በእኛ ላይ ነው።