የደረቀ ቀለም እሳት ያስነሣልን?

ባንድ ወቅት በአንድ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ክፍል ውስጥ ዴስኮች በተልባ ዘይት ተወልውለው ሲያበቁ፣ መወልወያው ጨርቅ ሁሉ ተጠቅልሎ ከሰጋቱራው ጆንያ አጠገብ ተጣለ። ማታ በሩን ልቆልፍ ስገባ የከረፋ ዘይት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ጥቅሉን ብነካው እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቃል። ክብሪት የጫረ የለም፤ ሲጋራ ያጨሰም የለም። ዘበኛው «ጨርቅ እንዴት ብሎ በገዛ ራሱ ይሞቃል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ያን ዕለት በቂ መልስ አልሰጠኋቸውም። ነገ የእጅ ሙያ ክፍል ኃላፊ የምንሆን ሁሉ ግን መልሱን ማወቅ ይኖርብናል።

ቅሪቱ ከየት ይመጣል?

ቀለም በአየር ግፊት ሲረጭ ሁሉም ዕቃው ላይ አያርፍም። እንደ ወንበር እግርና እንደ ብረት ዘንግ ያለ ቀጭን ነገር ሲቀባ ከግማሽ የሚበልጠው ስቶ ሊያልፍ ይችላል። ስቶ ያለፈው በመርጫው ክፍል ግድግዳ፣ በማጣሪያው፣ በአየር ማውጫው ቧንቧና በማራገቢያው ላይ እየተለጠፈ በየቀኑ ይወፍራል። ብዙ ሰው «ደርቋል እኮ፣ ምን ያመጣል?» ይላል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው።

አደጋው በምን በምን መንገድ ይመጣል?

እሳት እንዲነሣ ተቀጣጣይ ነገር፣ ኦክሲጅንና ሙቀት መገናኘት አለባቸው። የቀለም ቅሪት ራሱ ተቀጣጣይ ነው፤ ከዚያም አልፎ የቀሩትን ሁለቱን ይጠራል። ይኸውም፦

ሀ) ራሱን በራሱ ያሞቃል። የተልባ ዘይትና የዘይት ቀለም የሚደርቁት እንደታጠበ ልብስ ውሃ ተንኖላቸው አይደለም። ከአየር ኦክሲጅን ጋር ተዋሕደው ነው፤ ውሕደቱም ሙቀት ያወጣል። በጠረጴዛ ገጽ ላይ ሙቀቱ በአየር ይበተናል። በተጠቀለለ ጨርቅ ወይም በወፈረ ቅሪት ውስጥ ግን መውጫ ያጣል። ሙቀቱ ውሕደቱን ያፋጥናል፣ ውሕደቱም ሙቀቱን ይጨምራል፤ በመጨረሻ ይነዳል። የናይትሮሴሉሎስ ላከር ቅሪት ደግሞ በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለሆነ፣ ከዘይት ቀለም ቅሪት ጋር ሲደራረብ አደጋው ይብሳል።

ለ) ውስጡ ቲነር ይዞ ይቆያል። ላዩ ሲደርቅ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። በብዙ ቲነሮች ውስጥ የሚገኘው ቶሉዊን ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ በብልጭታ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል። ስለዚህ «ዛሬ ብርድ ነው» ማለት ዋስትና አይሆንም። ተኑ ከአየር 3 እጥፍ ያህል ስለሚከብድም ወለል ለወለል ሄዶ ራቅ ካለ እሳት ጋር ይገናኛል።

ሐ) መሣሪያውን ያበላሻል። ማጣሪያው ሲደፈን አየር አይወጣም፤ ተኑም ክፍሉ ውስጥ ይከማቻል። የማራገቢያው ምላስ ቀለም ሲከብደው ሚዛኑን ስቶ ይፋተጋል፣ ያግላል፣ ብልጭታ ያወጣል። የዕቃ መስቀያ መንጠቆዎችም በቀለም ከተሸፈኑ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት አያሳልፉም፤ በኤሌክትሪክ ኃይል በሚሠራ ርጭት ላይ ይህ ብልጭታ ይፈጥራል።

አንድ ምሳሌ

በየካቲት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1991) በአሜሪካ አገር በፊላደልፊያ ከተማ፣ ዋን ሜሪድያን ፕላዛ በተባለ ባለ 38 ፎቅ ሕንፃ ላይ ቃጠሎ ተነሣ። መነሻው በ22ኛው ፎቅ ላይ የእንጨት ሥራ ሲያድሱ የነበሩ ሠራተኞች ትተውት የሄዱት የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ነበር። እሳቱ ከ18 ሰዓት በላይ ነደደ፤ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሕይወታቸውን አጡ። የቆመውም 30ኛው ፎቅ ሲደርስ፣ እዚያ የነበሩ 10 የጣሪያ ውሃ መርጫዎች ተከፍተው ነው። ይህ ሁሉ ከእፍኝ ጨርቅ ተነሣ።

ምን እናድርግ?

1. የተለጠፈውን ቅሪት ሳይወፍር መፋቅ። መፋቂያው የእንጨት ወይም የነሐስ ይሁን፤ ብረት በብረት ሲፋቅ ብልጭታ ያወጣል። በሚፋቅበት ጊዜ ርጭትም ብየዳም አይኖርም።
2. የተፋቀውን ክዳን ባለው የብረት በርሜል አድርጎ፣ በውሃ አርሶ፣ በዕለቱ ከሕንፃው ማውጣት። «ነገ እንጥለዋለን» አይሠራም።
3. ዘይት የነካውን ጨርቅ አለመጠቅለል፤ ከሕንፃው ውጭ አንድ በአንድ ዘርግቶ ማድረቅ፣ አለዚያም ውሃ በሞላ የብረት ዕቃ ከድኖ ማስቀመጥ።
4. ላከርና የዘይት ቀለም በአንድ ክፍል ሲፈራረቁ በመካከሉ ክፍሉን ማጽዳት።
5. ማጣሪያውን በጊዜው መለወጥ፤ ማራገቢያውንና መንጠቆውን መፈተሽ።
6. የፈሰሰ ቲነር ቢነድ ውሃ አለመድፋት፤ እሳቱን ተሸክሞ ይሄዳልና። አሸዋ ወይም የዱቄት ማጥፊያ ይቅረብ።

ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ባልዲ፣ ክዳንና ሩብ ሰዓት ነው። ተማሪዎቻችን ከንግግራችን ይልቅ ጨርቁን የት እንደምንጥል ያያሉ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የታጠበ ጨርቅ ሲደርቅ ይቀዘቅዛል፤ የተልባ ዘይት የነካው ግን ይሞቃል። ልዩነቱ ምንድን ነው?
2. የተዘረጋ ጨርቅ ሳይነድ የተጠቀለለው የሚነደው ለምንድን ነው?
3. ዛሬ ማታ የኛን የእንጨት ሥራ ክፍል ብንፈትሽ የት የት ጥግ ምን እናገኛለን?